ፓምፑ ይሠራል፤ ልባቸውስ?

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በናይሮቢ የቀረበ ንግግር። ተናጋሪዋ የማኅበሩ አባል ቤተሰብ ልጅና በአሜሪካ የልብ አልትራሳውንድ ባለሙያ ናት።)




እኔ በዚህ ማኅበር እጅ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበሩ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ያስተማሩኝ እናት ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሳያቸው፣ አሁንም ጥያቄ ጠይቀው እንዳያሳፍሩኝ እፈራለሁ።

አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ሥራዬ እንድናገር ሲጠይቀኝ አንዳንድ ወዳጆቼ «ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ብትናገሪ ይሻላል፤ እሱ ሁሉንም ይመለከታል» ብለው መክረውኝ ነበር። ምክራቸው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከዚህ ማኅበር ቤተሰቦች መካከል ብዙዎች በእኩለ ሌሊት ደውለውልኛል። የሚሉኝም ነገር ተመሳሳይ ነው። «ከአሜሪካ ደውለው ነበር። ልቡ በጣም ደክሟል፤ በብሽሽቱ በኩል ልቡ ውስጥ ፓምፕ አስገባንለት አሉን። ፓምፑ በደንብ ይሠራል ይላሉ። እንግዲህ ዳነ ማለት ነው?» ከየቤታችን ቢያንስ አንድ ሰው ባሕር ማዶ ስላለ፣ ይህ ስልክ ነገ ለማን እንደሚደወል አይታወቅም። ለዚህ ነው ይህን ርእስ የመረጥኩት።

ከእነዚያ ጥሪዎች አንዱ ከገዛ ቤተሰቤ ነበር። የአክስቴ ባል፣ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው፣ በአሜሪካ በአንዲት ከተማ ከሥራ ሲመለሱ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ልብን ከሚመግቡት ደም ሥሮች አንዱ ተዘግቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ደም ሥሩን ወዲያው ከፈቱላቸው፤ ነገር ግን የልባቸው ጡንቻ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ደም መርጨት አቃተው። ግፊታቸው ወረደ፣ እጅ እግራቸው ቀዘቀዘ፣ ሽንታቸው ቀነሰ። በዚህን ጊዜ ነው ፓምፑ የገባላቸው። ወደ ጋሼ ታሪክ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን መሣሪያው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. 1953 ለልብ ሕክምና የተባረከ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት በሜይ ወር ዶክተር ጆን ጊበን በፊላደልፊያ ከተማ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ መሣሪያ ተረድተው የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ከፍተው ጠገኑ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ኢንገ ኤድለር የተባሉ ሐኪምና ሄልሙት ሄርትዝ የተባሉ የፊዚክስ ባለሙያ ልብ ስትንቀሳቀስ በድምፅ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። መሣሪያው ለሕክምና የተሠራ አልነበረም፤ ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ለመፈለግ የተሠራ ነበር። ልብን የሚያግዘው መሣሪያና ልብን የሚያየው መሣሪያ በአንድ ዓመት ተወለዱ ማለት ነው። እስከ ዛሬም ቢሆን አንዱ ያለ ሌላው ደኅና አይሠራም፤ የዛሬው ነገሬም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ልብን ለጥቂት ቀናት የሚደግፉ የተለያዩ መሣሪያዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1967 ዶክተር አድሪያን ካንትሮዊትዝ በኒውዮርክ ብሩክሊን በዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ ከልብ ምት ጋር እየተነፋ የሚሟሽሽ ፊኛ በታማሚ ላይ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ደስ የሚል ነው። ሪቻርድ ዋምፕለር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1976 ለበጎ አድራጎት ሕክምና ግብፅ ሄደው ሳለ፣ ሰዎች በቱቦ ውስጥ ያለ ጠመዝማዛ በእጅ እያሽከረከሩ ውኃ ወደ እርሻ ሲያወጡ ተመለከቱ። በጥንት ሊቅ በአርኪሜደስ ስም የሚጠራው የውኃ ማውጫ ነው። ዋምፕለርም «ይህ ጠመዝማዛ አንሶ ደም ሥር ውስጥ ቢገባስ?» ብለው አሰቡ። ከዓመታት ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 በሂውስተን ከተማ ዶክተር ፍሬዘር ያንን ትንሽ ፓምፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አደረጉ። የግብፅ የእርሻ ውኃ ከአባይ በቀር ከየት ይመጣል? ስለዚህ በዚህ ሥራ የእኛም ውኃ ድርሻ አለበት እያልኩ ባልደረቦቼን አስቃለሁ።

ዛሬ በብዛት የሚታወቀው የዚያ ፓምፕ ተከታይ ኢምፔላ ይባላል፤ መነሻው በጀርመን አገር አኸን ከተማ ነው። ከእርሳስ የቀጠነ ቱቦ ነው። ብዙውን ጊዜ በብሽሽት ደም ሥር ይገባና ወደ ላይ ተጉዞ፣ በልብና በዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ መካከል ያለውን ቫልቭ አልፎ ይቀመጣል። ጫፉ በግራው የታችኛው የልብ ክፍል ውስጥ ሆኖ ደም ይስባል፤ ከቫልቩ በላይ ባለው መውጫው በኩል ደግሞ ደሙን ወደ ሰውነት ይለቃል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ጠመዝማዛ በደቂቃ እስከ 46,000 ጊዜ ትዞራለች። በደቂቃ ከ3 ሊትር በላይ ደም ማንቀሳቀስ ትችላለች። እንግዲህ ጤነኛ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል እንደሚረጭ አስቡት።

አሁን ከግቢያችን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እዚህ ናይሮቢ የከተማው ውኃ ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕ ይነሣል። ሲያጓራ ከመኝታ ቤታችን እንሰማዋለን፤ የመብራቱም ቆጣሪ ይቆጥራል። ሁለት ሰዓት ካጓራ በኋላ ቧንቧው ሲከፈት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ወይ የሚስበው ቱቦ ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል፤ ወይ ቱቦው ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ወይ ጉድጓዱ ራሱ ደርቋል። ፓምፑን «ትሠራለህ?» ብትሉት «አዎን» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እየዞረ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ የሚያይ ሰው ይጠራል። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ያ በባትሪ የሚያይ ሰው ነኝ።

ባትሪያችን ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ እኛ የምንልከው ግን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜያት የሚርገበገብ ነው። ቀዝቃዛ ጄል ደረት ላይ ቀብተን መሣሪያውን በጎድን አጥንቶች መካከል እናስቀምጣለን፤ ድምፁ ሄዶ ሲመለስ ሥዕል ይሆናል። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ታማሚው ካለበት አልጋ ሳይንቀሳቀስ ይሠራል። በአጭሩ ኢኮ እንለዋለን። የደም ፍሰቱም በቀለም ይታያል። በደረት በኩል ጥሩ ሥዕል ካልተገኘ፣ ሐኪም በጉሮሮ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ከልብ በስተጀርባ ሆኖ ያያል።

በኢኮው መጀመሪያ የምንፈልገው የፓምፑን አቀማመጥ ነው። በብሽሽት ለሚገባው የተለመደ ዓይነት፣ የሚስበው አፍ ከቫልቩ ሥር ወደ ውስጥ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። በትከሻ በኩል በቀዶ ጥገና ለሚገባው ትልቁ ዓይነት ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል። በቀለም ስናየው መውጫው ላይ የተዘበራረቀ የቀለም ነበልባል ይታያል፤ ያ ነበልባል ከቫልቩ በላይ ከሆነ ደስ ይለናል። ከቫልቩ በታች ከታየ ፓምፑ ከልብ ወስዶ መልሶ እዚያው ልብ ውስጥ እየጨመረ ነው። ወደ ላይ ከወጣና የሚስበውም አፍ ከቫልቩ በላይ ከተገኘ ደግሞ ልብን ሳይነካ የቧንቧውን ደም ያሽከረክራል፤ ልቡ ምንም አልታገዘም። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩ ይዞራል።

በጥልቀት ከገባ ግን ጣጣው ሌላ ነው። በግራ ልብ ውስጥ ሌላ ቫልቭ አለ፤ ሚትራል ይባላል፤ እንደ ድንኳን በገመዶች የተወጠረ ነው። የፓምፑ አፍ ወደ ገመዶቹ ወይም ወደ ልቡ ግድግዳ ከተጠጋ፣ እነሱን ይስብና ይታፈናል። የታፈነው ፓምፕ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲስብ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈጫሉ። የተፈጨው ደም ወደ ሽንት ሲወርድ ሽንቱ ቀልቶና ጠቁሮ ኮካ ኮላ ይመስላል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ገመዱ የተበጠሰበት ታማሚም አለ፤ ያኔ ቫልቩ ያፈስሳል።

«ፓምፑ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ተሰፍቶ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ከብሽሽት ላይ ይታሰራል፤ ነገር ግን ከዚያ እስከ ልብ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ታማሚው አንሶላ ሲቀየርለት ይገላበጣል፤ እግሩን ያጥፋል፤ ለሌላ ምርመራ በጋሪ ይወሰዳል። ደረቱ ተጭኖ ነፍስ የማዳን ሥራ የተሠራለትማ በእርግጥ መታየት አለበት። ልቡ ራሱም ሲሻለው መጠኑ ይለወጣል። በመሆኑም በመጀመሪያው ቀን ደኅና የነበረው አቀማመጥ በሦስተኛው ቀን ደኅና ለመሆኑ ዋስትና የለም።

እርግጥ ፓምፑ የራሱ ስክሪን አለው፤ ስለ አቀማመጡም ምልክት ይሰጣል፤ ሲታፈን ይጮኻል። ምልክቱ ግን ብዙ ትርጉም አለው። «መሳብ አቃተኝ» ሲል፣ አፉ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ የታማሚው ደም ወይም ፈሳሽ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ የቀኙ ልብ ደክሞ ወደ ግራው የሚያሳልፈው ደም አጥቶ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያው ቱቦውን ማንቀሳቀስ፣ ለሁለተኛው ፈሳሽ መስጠት ያስፈልጋል። ለሦስተኛው ፈሳሽ መጨመር ሊጎዳ ስለሚችል የቀኙን ልብ መርዳት ይበጃል። ስክሪኑ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጩኸት ናቸው። በኢኮ ስናይ ግን የመጀመሪያው አፉ ገመድ ላይ ተጣብቆ፣ ሁለተኛው ሁለቱም የልብ ክፍሎች ጠብበው፣ ሦስተኛው ቀኙ አብጦ ግራው ተጨፍልቆ ይታያል። ሥራዬን የምወደው ለዚህ ነው፤ ሦስት ሰው ሲከራከር ቆይቶ ሥዕሉ ሲመጣ ክርክሩ ያበቃል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ።

በልብ ዙሪያ ያለ ሽፋንም አለ። ቱቦው የልብን ግድግዳ ከበሳ ደም ወደዚያ ሽፋን ይፈስና ልብን ከውጭ ያፍነዋል። በሥዕሉ ላይ በልብ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሲሆን ግን ደቂቃ የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለዚህ አደጋ ከፍተኛ ደረጃ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ አስታውቋል። በዚያን ጊዜ ሪፖርት የተደረጉት ከባድ ጉዳቶች 129 ነበሩ፤ ከእነዚህ 49ኙ ሞት ናቸው። የአጠቃቀም መመሪያውም ቱቦው ሲገባና ሲንቀሳቀስ በምስል እየታየ በጥንቃቄ እንዲሆን ተጠናክሯል። መሣሪያው ከገበያ አልወጣም፤ ምክንያቱም ያለ እሱ የሚሞቱም አሉና።

የረጋ ደም ሌላው ጉዳይ ነው። የደከመ ልብ ውስጥ ደም ቆሞ ይረጋል፤ በተለይ ጫፉ ላይ። የረጋ ደም ባለበት ልብ ውስጥ ፓምፕ ማስገባት ቁርጥራጩን ወደ አንጎል ሊልክ ስለሚችል አይፈቀድም። ስለዚህ ጊዜው ከፈቀደ ከማስገባት በፊት እንመለከታለን፤ ከገባ በኋላም አዲስ አለመፈጠሩን እንከታተላለን።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በእናታችን ማኅፀን ሳለን በሁለቱ የላይኛ የልብ ክፍሎች መካከል ትንሽ መተላለፊያ ነበረችን። ከተወለድን በኋላ ትዘጋለች፤ ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ ግን ሳትጣበቅ ትቀራለች፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ፓምፑ የግራውን ልብ ሲያራግፍ የግራው ግፊት ይወርዳል፤ ያኔ ያቺ የተረሳች በር ተከፍታ፣ ኦክስጅን ያላገኘው የቀኙ ደም በአቋራጭ ወደ ግራ ይሻገራል። ሳንባው ደኅና ሆኖ ሳለ የታማሚው ኦክስጅን ድንገት ይወርዳል። ፓምፑን ብናበረታው ይባስ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ኢኮ ማን ይጠረጥራል?

ኤክሞ ስለሚባለውም ባጭሩ። በኮቪድ ጊዜ ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ያኔ በአብዛኛው ለሳንባ ነበር። ለልብ ሲሆን ደሙን ከደም መልስ ቧንቧ አውጥቶ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ በደም ቅዳ ቧንቧ በኩል መልሶ ይገፋዋል። ችግሩ የሚገፋው ወደ ልብ አቅጣጫ መሆኑ ነው። የደከመው ልብ ያንን ግፊት አሸንፎ ቫልቩን መክፈት ሲያቅተው፣ ክፍሉ እየተወጠረ ይሄዳል፤ በውስጡ የቆመው ደም በሥዕሉ ላይ እንደ ዕጣን ጢስ ሲዞር ይታያል። ጢሱን ስናይ የረጋ ደም ሊከተል እንደሚችል እናውቃለንና ሐኪሙን ከእንቅልፉ እንቀሰቅሰዋለን።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚመለከተው ልምጣ። በአገራችንም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣ የልብ ቫልቭ በሽታ ብዙ ነው። ይህ በሽታ ቫልቩን ያጠብበዋል ወይም ያፈስሰዋል። የዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ ቫልቭ በብዛት የሚያፈስስ ከሆነ፣ ያ የሚነፋው ፊኛ አይደረግም፤ ኤክሞም ልብን የበለጠ ይወጥራል፤ ኢምፔላውም ያወጣው ደም ተመልሶ ይገባበታል። በዚያ ቫልቭ ቦታ የብረት ቫልቭ የተደረገለት ሰው ደግሞ ኢምፔላ በዚያ ማለፍ ስለማይችል አይገባለትም። አንድ የአሜሪካ ሐኪም በልጅነቱ ጎንደር ወይም አዋሳ ሳለ «ልቡ ትንሽ ችግር አለባት» የተባለ ሰውን ታሪክ ከየት ያውቃል? እናንተ ናችሁ የምታውቁት። በስልክ ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ይህ ይቅደም።

እግረ መንገዴን፦ ሰዎች «ይህ ፓምፕ መቼ ነው ወደ እኛ አገር በሰፊው የሚመጣው?» ይሉኛል። እኔ የምመኘው ፓምፑን ሳይሆን ኢኮውን ነው። በሰሜን ኡጋንዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ምልክት ሳያሳዩ በኢኮ ብቻ የቫልቭ በሽታቸው የተገኘ 818 ልጆችና ወጣቶች ያሳተፈ ነበር። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው የባሰበት 0.8 በመቶው ብቻ ነው፤ ካልወሰዱት ግን 8.2 በመቶው። ይህ የተሠራው ከዚህ ጎረቤት አገር ነው። አንድ ፓምፕ በሚገዛበት ገንዘብ ስንት መርፌ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

ፓምፑ ራሱስ ያድናል ወይ? ሐቁን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ በዴንማርክ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ነበር። በከባድ የልብ ደም ሥር መዘጋት ሳቢያ ልባቸው የደከመ 355 ታማሚዎች ተመዘኑ። ኢምፔላ ከገባላቸው በ180 ቀናት ውስጥ 45.8 በመቶው ሞቱ፤ ካልገባላቸው 58.5 በመቶው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ግን ደም መፍሰስን፣ የእግር ደም መቋረጥን፣ የደም መፈጨትንና የመሳሰሉትን የያዙት ከባድ ጉዳቶች ፓምፑ ካላቸው በ24 በመቶው ላይ ሲደርሱ፣ ከሌላቸው በ6.2 በመቶው ብቻ ነው የደረሱት። በኤክሞ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሞት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ «ፓምፕ ገባለት» ሲባል ዕልልታም ለቅሶም አይገባም። በትክክል ለተመረጠ ሰው፣ በሚገባ ሲጠበቅ ነው የሚጠቅመው።

ኢኮም ሁሉን አያይም። ታማሚው ደረቱ በፋሻ ከተሸፈነ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከሆነ ወይም ወፍራም ከሆነ ሥዕሉ ይደበዝዛል። የፓምፑ ሞተርም ቀለሙን ይረብሸዋል። ብሽሽት ላይ የሚፈስ ደም፣ የቀዘቀዘ እግር፣ የሽንት ቀለም በልብ ኢኮ አይታዩም። እነሱን የሚያየው አልጋው አጠገብ ያለ ሰው ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ፓምፑ በገባ በሁለተኛው ቀን ማታ ልጃቸው ደወለችልኝ። እኔ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ደክሞኝ ነበር። «ፓምፑ ይሠራል ወይ?» አልኳት። «ደኅና ይሠራል አሉ፤ ትንሽ ጮኾ ነበር፣ ፍጥነቱን ሲቀንሱት ተወ» አለችኝ። «እንግዲያው ተመስገን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይህን ሁሉ የማውቅ እኔ፣ የጉድጓዱን ክዳን ሳላስከፍት ተኛሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንደገና ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሽንታቸው ከረጢት ጠቁሯል፤ የመድኃኒቱ ቀለም ይሆን?» አለችኝ። ልቤ ድንግጥ አለ። «መጨረሻ ኢኮ የተሠራላቸው መቼ ነው?» አልኳት። «ፓምፑ የገባ ዕለት።» «ከዚያ በኋላ ተገላብጠዋል?» «ትናንት ከሰዓት አንሶላ ሲቀይሩ።» ሄዳ እንድትጠይቅ ነገርኳት። «ሐኪሞቹን የተጠራጠርኩ አይመስልብኝም? ነርሷ እንዲህ ደግ ሆናልን» አለችኝ። የእኛን ሰው ይሉኝታ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል ቆማ ስትጠብቅ ቆይታ ነው የጠየቀችው። ስትጠይቅ ግን ማንም አልተቆጣም። የኢኮ ባለሙያው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጣ። ፓምፑ ከሚገባው ቦታ ወደ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዘልቆ፣ አፉ የሚትራል ገመዶች ላይ ተለጥፎ ነበር። ሐኪሙ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ፣ በኢኮው እያየ፣ ቀስ አድርጎ ሳበው። ጩኸቱ አልተመለሰም፤ በማግሥቱ ሽንታቸው መጥራት ጀመረ።

ጋሼ ተርፈዋል። ነገር ግን ኩላሊታቸው ተጎድቶ ስለነበር ለሦስት ሳምንት በመሣሪያ ሲታጠብ ቆየ። ሌሊቱን ሙሉ ደማቸው እየተፈጨ ያደረው እኔ «ተመስገን» ብዬ ከተኛሁ በኋላ ነው። ጋሼ ይህን ነግሬያቸው «አንቺ ደግሞ፣ ሰው እንቅልፍ አይተኛም?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም «ፓምፑ ይሠራል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም።

ስለዚህ ስልኩ ሲመጣላችሁ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ከሐኪሞቹ ጋር እንዲነጋገር ምረጡ፤ አሥር ሰው ከአሥር አገር ሲደውል ነርሷም ትደክማለች፣ ወሬውም ይዘበራረቃል። ያ ሰው በትሕትና እንዲህ ይበል፦ «ልባቸው በኢኮ መጨረሻ የታየው መቼ ነው? ፓምፑ በቦታው ነበር? የቀኙ ልብስ እንዴት ነው? ከዚያ ወዲህ ተገላብጠዋል ወይም ተንቀሳቅሰዋል?» እንግሊዝኛው ካስቸገረ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህ መብት ነው፣ ያለ ክፍያ ነው። አልጋው አጠገብ ያለ ዘመድ ደግሞ የሽንቱን ቀለም፣ የእግሩን ሙቀት ልብ ይበል፤ የተለወጠ ነገር ካየ ያኔውኑ ይናገር። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መጠራጠር አይደለም። እኔ ራሴ ተረኛ ሆኜ ቤተሰብ እንዲህ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ መሣሪያዬንም ገፍቼ እመጣለሁ።

ከምሳ በኋላ በትንሿ ኢኮ የፈቃደኛ ሰው ልብ በስክሪን ላይ አሳያችኋለሁ። ወይዘሮ አስተማሪዬ መጀመሪያ እንደሚሆኑ ቃል ገብተውልኛል።